ከመርፌው በፊት

ንቅሳት ማለት ቆዳን በመርፌ እየወጉ ቀለምን ከሥሩ በማስገባት የሚሠራ የማይለቅ ጌጥ ወይም ምልክት ሲሆን፣ ቃሉ የተገኘበት «ነቀሰ» የሚለው ግስ በአማርኛ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሥራዎችን ደርቦ የያዘ ነው። በግንባሯ ላይ መስቀል ያሠራች ሴት «ተነቀሰች» ትባላለች፤ እግሩን እሾህ የወጋው ልጅ እሾሁ ሲወጣለት «ተነቀሰለት» ይባላል፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የመሥሪያ ቤቱን ጉድለት የሚዘረዝር ሰው ደግሞ ችግሮቹን «ነቅሶ አወጣ» እየተባለ ይጨበጨብለታል። አንዱ ግስ ሲያሻው ያስገባል፣ ሲያሻው ያወጣል ማለት ነው። የመጀመሪያ ንቅሳቱን ለመነቀስ የቆረጠ ሰው የሚያደርገው ዝግጅት በቅርብ ሲመረመር፣ አብዛኛው ጸጸት የሚመጣው ከሕመሙ ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ተነቃሹ እንከኑን በወረቀት ላይ ሳለ ነቅሶ ሳያወጣ ክንዱን ለመርፌ አሳልፎ ይሰጣል።

ቀደምት ኢትዮጵያውያት ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር አንዲት ልጃገረድ ስትነቀስ ምን ይነቀስባት የሚል ክርክር አይነሣም ነበር፤ በግንባር ላይ መስቀል፣ በአንገት ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደሩ መስመሮችና ነጠብጣቦች፣ ጥርስን አንጽቶ እንዲያሳይ ደግሞ ድድን ማጥቆር፣ ማለትም «ንቅስ ድድ» የሚባለው፣ አገር የሚያውቃቸውና አገር የተስማማባቸው ጌጦች ነበሩ። በሙያዋ የታወቀች ነቃሽ ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ መርፌዎቿን አዘጋጅታ ትቀመጣለች፤ አክስት ጭንቅላት ትይዛለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ሲራገፍ ጌጡ ብቅ ይላል። «ለምን ይህን መረጥሽ?» የሚል ጠያቂ አልነበረም፤ መራጯ እርሷ አልነበረችምና። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ የሚኖረው፣ ትውልዱ ከግብፅ ክርስቲያኖች የሆነው የራዙክ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት የኖረው ዘዴም ከዚህ አይርቅም፤ በእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ቀለም ተቀብቶ በተሳላሚው ክንድ ላይ ይታተማል፤ መርፌውም የታተመውን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ተሳላሚዎችም ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ። ተሳላሚው ከቀረቡለት ማኅተሞች አንዱን ይመርጣል፤ ይህም በምግብ ቤት ገብቶ ካለው ነገር ከማዘዝ የሚከብድ አይደለም።

ዛሬ አያት «ተነቀሱ» በሚባሉበት ቤት የልጅ ልጃቸው «ታቱ ተሠራ» ይባላል። «ታቱ» የሚለው ቃል መነሻው የፖሊኔዥያ ደሴቶች ቋንቋ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ጄምስ ኩክ በ1769 እ.ኤ.አ. ታሂቲ ከደረሰ በኋላ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገብቷል፤ ከዚያም ዓለምን ሲዞር ኖሮ ለጉዳዩ የራሱ ቃል ያለው አገር ደርሶ ቦሌ ላይ አረፈ። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ሁለት የሆነበት ምክንያት ብዙ ሊባልለት ይችላል፤ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዋጋው ይመስላል፤ በጥላሸት የተሠራን ነገር በዚያ ሁሉ ብር መሸጥ አዲስ ስም ይጠይቃልና።

የዘመኑ ተነቃሽ ችግር የሚጀምረው ምርጫው ለራሱ ብቻ በመተዉ ነው። ማኪያቶ ልዘዝ ወይስ ሻይ በሚለው ላይ አስተናጋጇን 3 ጊዜ የሚመልስ ሰው፣ ለ50 ዓመት የሚሸከመውን ነገር በአንድ ሳምንት እንዲወስን ይጠበቅበታል። ከውሳኔው ጋር «ትርጉም» ማዘጋጀት ደግሞ ግዴታ ሆኗል፤ ምክንያቱም ንቅሳቱን ያየ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚል ነው። «አምሮኝ ነው» የሚለው ቀጥተኛ መልስ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ አንበሳ የተነቀሰው ስለ ጽናት፣ ወፍ የተነቀሰችው ስለ ነጻነት፣ የላሊበላን መስቀል የተነቀሰው ስለ ማንነት አጭር ንግግር ማጥናት አለባቸው። ይህን ንግግር በሠርግ ቤት፣ በታክሲ ውስጥና ፀጉር ቤት ሳይቀር እየደጋገሙ ማቅረባቸው አይቀርም፤ አንበሳ የተነቀሰው ሰውም ከ2 ዓመት በኋላ ጽናቱን በዚሁ ጥያቄ ያስመሰክራል።

ከሥዕል ሸሽቶ ወደ ቃል የሚዞር ሰው ቀላሉን መንገድ የያዘ ይመስለዋል። በአንድ በኩል ልክ ነው፤ የግእዝ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በላቲን ፊደል 5 ምልክት የሚፈጀው «ሰላም» በ3 ሆሄ ያልቃል፤ ሥቃዩም በዚያው ልክ ያጥራል። በሌላ በኩል ግን ሞክሼ ሆሄያት የሚባሉት አሉ። ሞክሼ ማለት ስመ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ሞክሼ ሆሄያትም ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ናቸው፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። በግእዝ ቦታቸው ሲለዋወጥ ትርጉም ይለወጣል። በአማርኛ ግን ጋዜጣው፣ ታፔላውና የሠርግ ካርዱ እንደ ፈቀደው ሲጽፋቸው ስለ ኖረ አንባቢው ይቅር ባይ ሆኗል። ጋዜጣው በማግስቱ ስኳር ይጠቀለልበታል፤ ታፔላውም ሱቁ ሲከስር ይወርዳል፤ የሠርግ ካርዱም ከሠርጉ ጋር ያልፋል። በክንድ ላይ የተጻፈው ግን ባለክንዱ በሄደበት ሁሉ እየሄደ፣ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ባሉበት ጠረጴዛ ሁሉ እየተቀመጠ፣ ዕድሜ ልኩን ይታረማል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የሚበደለው ራሱ «ሰላም» ነው። የቃሉ ትክክለኛ ፊደል እሳቱ ሰ ሆኖ ሳለ፣ ንጉሡ ሠ ሦስት ጫፉን ወደ ላይ አንሥቶ ዘውድ የጫነ ስለሚመስል ተነቃሹ «ያኛው ያምራል» ብሎ ሠላም ያሠራል፤ ከዚያም ሰላም የሚነሣው ክንዱን የአማርኛ መምህር ባየበት ቀን ነው። «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ ከሚለው «መሐረ» የሚወጣ ሲሆን፣ በሀሌታው ሀ ሲጻፍ ግን አስተማረ ወደሚለው «መሀረ» ይጠጋል፤ ከፈጣሪው ይቅርታ የለመነ ክንድ ሳያስበው ትምህርት ቤት ገባ ማለት ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፣ ብልጭ አለ ማለት ሲሆን በፀሐይ ይነገራል፤ በእሳቱ ሰ የሚጻፈው «ሰረቀ» ግን ዛሬም በአማርኛ የሚታወቀው ሌብነት ነው። ብርሃን እንደ ወጣለት በደረቱ ላይ ሊያውጅ የተነሣ ሰው ፊደሉን ከሳተ፣ ብርሃን መስረቁን በገዛ ደረቱ ላይ ያምናል፤ ይህም ፊደል ከቆጠረ አንባቢ ጋር ሸሚዝ ሳይለብሱ መነጋገርን አደገኛ ያደርገዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከነቃሹ ስልክ ቁጥር በፊት መዝገበ ቃላት መፈለግ ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል፤ ሁለቱም ለትራስነት የሚበቃ ውፍረት ስላላቸው፣ ተነቃሹ ፊደሉን ባያገኝባቸው እንኳ ተኝቶባቸው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የልደት ዘመኑን በግእዝ ቁጥር መነቀስ የፈለገ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው የግእዝን ቁጥር ከ፲ በላይ የሚያነበው ከግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ጋር እያመሳከረ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፲፱፻፺ ተብሎ መጻፍ ሲገባው ነቃሹ በመጨረሻው ምልክት ቦታ ፹ን ቢያስገባበት፣ በአንድ ቀጠሮ 10 ዓመት አርጅቶ ይወጣል፤ ሕመሙ ሲጨመርበት ዕድሜው እውነትም ሊመስል ይችላል።

ፊደል የማያውቅ ነቃሽ ዘንድ የሚሄዱ፣ በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩ ተነቃሾች ደግሞ የአቅጣጫ ችግር አለባቸው። ለእንዲህ ያለው ነቃሽ ፊደሉ ጌጥ እንጂ ንባብ ስላልሆነ ላዩንና ታቹን የሚለይበት ነገር የለውም። ሐ ሲገለበጥ ሠን ይመስላል፤ ሀም ሲገለበጥ በን ይመስላል። ከዚህ የተነሣ «ሀበሻ» የሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹ 2 ሆሄያት ከየትኛውም ወገን ቢታዩ መልሰው «ሀበ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ነገሩን የምታሳብቀው ሻ ብቻ ናት። በሰው ፊደል የሚነቀስም ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪያና ግራንዴ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. «ሰባት ቀለበቶች» የሚል ትርጉም ያለውን የዘፈኗን ርእስ በጃፓን ጽሕፈት መዳፏ ላይ ስትነቀስ፣ ቦታው ስለሚያም ጥቂት ምልክቶችን አስቀርታ ነበርና የወጣው ጽሑፍ አነስተኛ የከሰል ምድጃ የሚል ሆነ፤ ለማረም ብላ ያስጨመረችው ምልክትም ቦታውን ስቶ ምድጃውን አላጠፋውም። በአዲስ አበባ አንድ ወጣት ከጃፓን ፊደል የተውጣጣ ቃል ሲያምረው ይህን ምድጃ ማስታወስ ይጠቅመዋል።

ፊደሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ዘመን ይለውጠዋል፤ እንዴት እንደሚለውጠው ለመረዳት ቀለሙ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። መርፌው ቀለሙን የሚያኖረው ላዩን በሚታየው ቆዳ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ በሚገኘው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ላይኛው ቆዳ ዘወትር እየረገፈ ስለሚታደስ በዚያ የተጻፈ ነገር አይቆይም። ቀለሙ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ የስማቸው ትርጉም ትልልቅ በሊታዎች የሆነ የሰውነት ዘበኞች ባዕድ ነገር መጣ ብለው ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይሆንላቸውም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሠርተው በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለም የዋጠው በሊታ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም በአካባቢው ያለ ተተኪ ይውጠዋል። ንቅሳት እንግዲህ እንደ ርስት ከሟች ወደ ወራሽ እየተላለፈ የሚቆይ ነገር ነው፤ እንደ ርስትም ድንበሩ ቀስ በቀስ ይገፋል። መስመሮቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ክፍተት ይሞላሉ። ይህ ለአንበሳ ጎፈር ምንም አይደለም። የአማርኛ ኀምስ ሆሄ ግን ከሣልሱ የሚለየው በእግሩ ላይ ባለች ትንሽ ቀለበት ነው፤ ቴን ከቲ የምትለያት እርሷ ናት። ቀለበቷ በቀለም ስትሞላ፣ በጥቃቅን ሆሄ «እናቴ» ብሎ የተነቀሰ ልጅ በጉልምስናው «እናቲ» የሚል ክንድ ይዞ ይገኛል፤ ስለዚህ ሆሄው ጎላ፣ ቀለበቷም ሰፋ ብላ እንድትሠራ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኦራይሊ በ1891 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት ያገኘበት የኤሌክትሪክ መንቀሻ፣ ቶማስ ኤዲሰን በ1876 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበው የኤሌክትሪክ ብዕር የተወሰደ ነው፤ ብዕሩ ደግሞ ወረቀትን በስተው ጽሑፍ እንዲያባዙበት ለመሥሪያ ቤቶች የታሰበ ነበር። የመንቀሻው የዘር ሐረግ ከጽሕፈት ቤት መምጣቱ ታውቆ ተነቃሹም እንደ ባለጉዳይ ቢያስብ መልካም ነው፤ ማለትም ፎርሙን አንብቦ፣ ማኅተሙን አይቶ፣ ያልገባውን ጠይቆ መሄድ አለበት። መርፌው አዲስ መሆኑን፣ እሽጉም በዓይኑ ፊት መከፈቱን ማየት መብቱ ነው፤ ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ሰው በተወጋበት መርፌ ይተላለፋሉ። ተመልሰው የሚሠሩ ዕቃዎች በአውቶክሌቭ፣ ይኸውም በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ዕቃ፣ መቀቀል አለባቸው። ቁስሉ ሲድን እያበጠ የሚቀር ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ በጥቁር ሕዝብ ላይ ይበዛልና ከዚህ በፊት በክትባት ወይም በጆሮ ብስ ቦታ እንዲህ ያለ እብጠት የወጣበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

ነቃሾች በየአገሩ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ በልተህ ና ይላሉ፤ ባዶ ሆድ ያለ ሰው መርፌ ሲያይ ራሱን ሊስት ይችላልና። ምክሩ ቀላል የሚሆነው ግን ጾም ለሌለበት ሰው ነው። በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ወጣት ለጠዋት 4 ሰዓት ቀጠሮ ቢይዝ፣ ጾሙን አፍርሶ ይነቀስ ወይስ ጾሙን ጠብቆ ይውደቅ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 28 በሥጋ ላይ ምልክት ማድረግን መከልከሉን እያወቀ ቀጠሮ የያዘ ሰው የቁርሱ ነገር እንቅልፍ መንሣቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን ሰው በትልቁ ደፍሮ በትንሹ የሚጨነቅ ፍጥረት መሆኑ የታወቀ ነው። መፍትሔው ቀጠሮውን ወደ 11 ሰዓት መግፋት ብቻ ነው።

የመጨረሻውና ረጅሙ ዝግጅት ለእናት የሚደረገው ነው። በርካታ አየር መንገዶች የበረራ አስተናጋጅ ሲቀጥሩ በደንብ ልብስ የማይሸፈን ንቅሳት እንዳይኖር ይጠይቃሉ፤ የእናት መሥፈርት ግን ከዚያ ይጠብቃል፤ እርሷ ዘንድ የደንብ ልብስ የለምና። ልምድ ያላቸው ሰዎች ስለዚህ ክረምትን ይመርጣሉ። በሐምሌ ሹራብ ለብሶ መዋል ማንንም አያስጠረጥርም፤ ትኩስ ንቅሳትም ከፀሐይ መራቅ ስላለበት ወቅቱ ለሁለቱም ይመቻል። በሚያዝያ የተነቀሰ ልጅ ግን በዚያ ሙቀት እጅጌውን እስከ መዳፉ አውርዶ እንጀራ ሲቆርስ፣ እጅጌው ወጥ ሲነካ፣ እናት «ሰብስበው እንጂ!» ስትል፣ ልጁም «በርዶኝ ነው» ሲል የሚሆነው የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ቁስሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሲድን ያሳክካል፤ ማከክም ቅርፊቱን መላጥም ክልክል ስለሆነ፣ ልጁ ክንዱን በስሱ መታ መታ ሲያደርግ ቁንጫ የገባ መስሏት ፍራሹን ፀሐይ ላይ የምታወጣ እናት አትጠፋም።

ነገሩ በተገለጠ ጊዜ የሚነሣው ክርክር ከሌሎች አገሮች ይልቅ በኢትዮጵያ የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ ከሳሿ ራሷ በግንባሯ ላይ መስቀል ይዛ ልትከስ ትችላለች። ልጁ ይህን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ያምረዋል፤ ባያቀርበው ይሻለዋል። የእርሷን ሌላ ሰው እንደ መረጠላት፣ እርሷም ሕፃን እንደ ነበረች፣ እርሱ ግን በገዛ እግሩ ሄዶ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ያውም የቤት ኪራይ በሚያህል ብር እንደ ፈጸመው ትነግረዋለች፤ ለዚህም መልስ የለውም። ከቤቱ ሁሉ ነገሩን በሙያ ዓይን የሚመለከቱት አያት ናቸው። ክንዱን ወደ ብርሃን አዙረው፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ መስመሩ መቅጠኑንና ቀለሙ አለመጥቆሩን ያያሉ፤ ድዱ ለምን እንደ ቀረም ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ንቅሳት ያሰበ አንባቢ ቀጠሮ ሳይዝ ቃሉን በወረቀት ይጻፈው፤ በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ወገን ለ3 ወር ለጥፎም ጠዋት ጠዋት ይየው፤ ፊደሉን ለሚያውቅ ሰው ያሳየው። እናቱ ልብስ ስታጥፍ ወረቀቱን ቀድማ ካገኘችው ግን ምንም ሳይናገር ሄዶ አያቱን ይጥራ።